ከፍልፈሉ ጀምሩ፤ ወደ ባሌ ተራሮች ለሚደረግ የአራዊት ጉብኝት ስለ መዘጋጀት የተሰጠ ዲስኩር



ዛሬ በፊታችሁ ቆሜ እንድናገር የታዘዝሁት፣ ወደ ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለአራዊት ጉብኝት ለመሄድ ያሰበ ሰው ጉዞውን እንዴት ሊያሰናዳ እንደሚገባው ነው። ይህን አሳብ ካነሡልኝ ሰዎች ጋራ ስነጋገር ዘወትር እንዳስተዋልሁት፣ መንገደኛው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መኪናው፣ ቀጥሎ ስለ ማደሪያው፣ ከዚያም ስለ ምግቡ ሆኖ፣ አራዊቱ ግን የጥያቄው ጅራት ሆነው ይቀራሉ፤ ተራቸው በደረሰ ጊዜም «አንበሳ አለ ወይ?» ከሚል አንድ ቃል የሚያልፍ የለም። እኔ ይህን ሥርዓት ገልብጬ፣ መኪናውና ማደሪያው በስተመጨረሻ እንዲመጡ፣ በፊተኛውም ስፍራ አንበሳ ሳይሆን ገበሬው በማሳው ውስጥ ሲያገኘው የሚረግመው ያ ትሑት ፍጥረት፣ ፍልፈል፣ እንዲቀመጥ ልለምናችሁ መጥቻለሁ። ፌዝ እንዳይመስላችሁ ምክንያቱን በዝግታ እገልጻለሁ።

«ሳፋሪ» በተባለ ጊዜ በብዙዎቻችን ኅሊና የሚሣለው የሴሬንጌቲና የማሳይ ማራ ሜዳ ነው፤ ጣሪያው የተከፈተ መኪና፣ በሣር ላይ የተጋደመ የአንበሳ መንጋ፣ ወንዝ የሚሻገር የእንስሳት ሠራዊት፣ ይህንንም ሁሉ ከመቀመጫው ሳይነሣ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ጎብኚ። ሥዕሉ ለተገኘበት አገር እውነት ነው። ነገር ግን ይህንኑ ተሸክሞ ወደ ባሌ የሚወጣ ሰው፣ በሳነቴ አምባ ላይ ቆሞ ግራና ቀኙን ቢመለከት፣ ከቋጥኝና ከጅብራ፣ ከብርድና ከነፋስ በቀር አንዳች አላገኘሁም ብሎ ገና ሳይረፍድ ፊቱን ወደ ጎባ ከተማ ይመልሳል፤ ከእግሩ በታች ያለው ምድር ግን በዚያችው ሰዓት በሕይወት ተሞልቶ ይንቀሳቀሳል።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወደ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የተመሠረተ፣ በ2014 ወሰኑ በሕግ የጸና፣ በ2023 ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈ የዱር አራዊት መጠበቂያ ስፍራ ነው። በውስጡም እርስ በርሳቸው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ሦስት ዓለማት ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ በሰሜን በኩል በዲንሾ አጠገብ የተዘረጋው የጋይሳይ ሣራም ሜዳ፣ በመካከል ወደ 4,000 ሜትር ከፍ ብሎ የተንጣለለው የሳነቴ አምባ፣ እስከ 4,377 ሜትር ከሚደርሰው ከቱሉ ዲምቱ ጫፉ ጋራ፣ በደቡብም ከአምባው ወደ ታች የሚወርደውና ጉም የማይለየው የሐረና ደን። ከእነዚህ ተራሮች የሚፈልቁት ውሆች ገናሌንና ዋቤ ሸበሌን እየመገቡ እስከ ሶማሊያ ቆላ ድረስ የሚኖረውን ሕዝብ ያጠጣሉ።

እንግዲህ ወደ ፍልፈሉ ልመለስ። የባሌው ግዙፍ ፍልፈል በመላው ዓለም ከዚህ ተራራ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኝም። ክብደቱ እስከ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ፣ ጥርሱ ከከንፈሩ ውጭ የሚታይ፣ ዓይኖቹ ወደ ራሱ አናት የተሰቀሉ፣ ዕድሜውን ሁሉ በመሬት ውስጥ እየቆፈረ የሚያሳልፍ እንስሳ ነው። ዓይኖቹ ወደ ላይ መሰቀላቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሣር ለማጨድ ከጉድጓዱ ሲወጣ ገላውን ሁሉ አያወጣምና፣ ግማሽ አካሉን በቀዳዳው ውስጥ አስቀርቶ፣ አንገቱን ብቅ አድርጎ፣ በአካባቢው ያለውን ሣር በችኮላ እየነጨ ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ሲጨርስም ቀዳዳውን በአፈር ደፍኖ ይሰወራል። በሰው ዓይን ፊት የሚገለጥበት ጊዜ በቀን ውስጥ እጅግ አጭር ነው። በጉድጓዱ ዙሪያ ብዙ ጊዜ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ ስትዘል ትታያለች፤ እርስዋ በፍልፈሉ ከተቆፈረው አፈር ትሎችን ትለቅማለች፣ ፍልፈሉም የእርስዋን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ሰምቶ ይሰወራል ይባላል። በሳነቴ ላይ ይህችን ወፍ ያየ ሰው መኪናውን ያቁም፣ ሞተሩንም ያጥፋ።

ቅዱስ ዳዊት በ103ኛው መዝሙሩ ዕለቱን ለሁለት ከፍሎ፣ ሌሊቱን ለዱር አራዊት፣ መዓልቱንም ለሰው ልጅ ተግባር እንደ ደለደለው በመካከላችሁ ያሉ የዳዊት ተማሪዎች ሁሉ ያውቁታል። አብዛኛው የአፍሪካ አዳኝ አውሬ ይህን ድልድል ጠብቆ የሚኖር ስለ ሆነ፣ የጉብኝት መምሪያ መጻሕፍት ጎብኚውን ጎሕ ሳይቀድ ከአልጋው ያስነሡታል፣ በቀትርም ጊዜ ወደ ማደሪያው ተመልሶ እንዲያርፍ ይመክሩታል። የባሌው ቀይ ቀበሮ ግን ከዚህ ድልድል ወጥቶ ወደ ሰው ተራ ገብቷል፤ እርሱ የሚያድነው በመዓልት ነው። ስለ ምን ቢባል፣ ምግቡ በመዓልት የሚወጣ ስለ ሆነ ነው። በዚያ ከፍታ ሌሊቱ ብርቱ ነውና ፍልፈሉና ሌሎቹ የአይጥ ወገኖች ፀሐይ ምድሪቱን እስክታሞቅላቸው ድረስ በጉድጓዳቸው ይቆያሉ፤ ቀይ ቀበሮውም ሥራውን ከእነርሱ ጋራ ይጀምራል። ከምግቡ ውስጥ ከ100 እጅ ከ90 የሚበልጠው የአይጥ ወገን ነው፤ በሳነቴና በፓርኩ ውስጥ ባለው በወይብ ሸለቆ ደግሞ የበዛው ድርሻ ፍልፈል ነው። ስለዚህም ፍልፈሉ በሚገኝበት ቦታ ቀይ ቀበሮው ይገኛል፣ ፍልፈሉ በሚወጣበት ሰዓት ቀይ ቀበሮው ይወጣል፤ የጉዞውን ሰዓት ሊያሰላ የሚሻ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ይህን ነው።

ከዚህ በመነሣት የአንዱን ቀን ሥርዓት እንዲህ አድርጋችሁ ልትከፍሉት ትችላላችሁ። በማለዳ፣ ከ12 ሰዓት ጀምሮ፣ ቀይ ቀበሮዎቹ ከማደሪያቸው ተነሥተው እርስ በርሳቸው በታላቅ ደስታ ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ በአንድነት ሆነው ወሰናቸውን ሲዞሩና ምልክት ሲያደርጉ የሚታዩበት ሰዓት ነው፤ ይኸው ወደ ማታም ይደገማል። ስለ ቀይ ቀበሮ በጻፉት ሊቃውንት ዘንድ እንግዳ የሆነው ነገር ይህ ነው፤ ይህ እንስሳ በማኅበር ይኖራል፣ ልጅም በማኅበር ያሳድጋል፣ ከማኅበሩም ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንዲቱ እመቤት ብቻ ናት፣ ለማደን ሲወጣ ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው። ስለዚህ ማኅበሩን ማየት የፈለገ በማለዳ ይውጣ፤ አደኑን ማየት የፈለገ ግን ከ4 ሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ሣሩን ካደረቀችው ወዲያ፣ በአንድ ስፍራ ተቀምጦ ይጠብቅ። ያን ጊዜ ቀዩ ቀበሮ ሆዱን ወደ ምድር አስጠግቶ፣ ጆሮውን ወደ ፊት ቀስሮ፣ አንድ እግሩን አንሥቶ እንደ ቆመ ረጅም ጊዜ ሲጠብቅ፣ ከዚያም በድንገት ተወርውሮ አፉን ወደ ቀዳዳው ሲሰድድ ታያላችሁ። ብዙ ጊዜ ባዶ አፉን ይመለሳል። ጎብኚዎች ይህን ባዩ ጊዜ በሐዘኔታ ሲቃ ያሰማሉ፤ እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የምደሰተው ለፍልፈሉ ነው፣ ይህን ስናገር የፓርኩ ጠባቂዎች ይስቁብኛል።

በነገራችን ላይ በመንዝ ጓሳ ያለው ቀይ ቀበሮ አደኑን በሌላ ብልሃት ሲያከናውን ታይቷል። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ሣር በሚነጩ ጭላዳዎች መካከል በሰላም እየተዘዋወረ ሲያድን ከሙከራው 67 እጅ ሲሳካለት፣ ለብቻው ሲሆን ግን ከ25 እጅ አያልፍም። በባሌ ጭላዳ የለም፤ ቀይ ቀበሮው ግን በከብት መንጋ መካከል ተጠግቶ በከብቱ ግዝፈት እየተሸሸገ ሲያድን የታየበት ጊዜ አለ።

ፍልፈሉን የወደደ ቀይ ቀበሮ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በፓርኩ ውስጥ ፊንጫ ሀቤራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ፤ ከፍታውም 3,469 ሜትር ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ከዛሬ 47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች በዚህ መጠለያ እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ዘመንም የተራራው ራስ በበረዶ ግግር የተሸፈነ ነበር። በዋሻው ወለል ከተገኘው አጥንት እጅግ የበዛው የግዙፉ ፍልፈል ሆኖ ተገኘ፤ ብዙውም በእሳት የተጠበሰ ምልክት አለበት። ውኃቸውን ከሚቀልጠው በረዶ ይቀዱ ነበር፤ ለመሣሪያቸው የሚሆነውን ጥቁር ባልጩት ድንጋይም ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ስፍራ ያመጡት ነበር። አንዳንድ የከተማ ሰው በሳነቴ ብርድ አንድ ሌሊት ማደርን እንደ ጀግንነት ቆጥሮ ሲናገር እሰማለሁ፤ የፊንጫ ሀቤራ ሰዎች የፍልፈል ጥብሳቸውን እየበሉ ይህን ቢሰሙት ምን ይሉ ይሆን ብዬ አስባለሁ።

ሰዓቱን ከወሰንን በኋላ ወሩን እንወስን። በባሌ ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይረዝማል፤ ስለዚህ ለጉብኝት የተመረጠው ወራት ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው በጋ ነው። በጋ ስትሰሙ ግን ሙቀት እንዳይታሰባችሁ። በሳነቴ ላይ የበጋው ሌሊት ሰማዩ ጥርት ብሎ ስለሚያድር ብርዱ ከክረምቱ የከፋ ነው፤ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የወረደበት ጊዜ ተመዝግቧል። የቀኑ ፀሐይ ደግሞ ፊትንና ከንፈርን ያቃጥላል። በአንድ ቀን ውስጥ ካፖርትና ጋቢ፣ ሰፊ ባርኔጣና የፀሐይ ቅባት የሚያስፈልጉ ስለ ሆነ፣ ከአዲስ አበባ ስትነሡ አንዱን አንሥታችሁ ሌላውን አትተዉ። የኅዳርና የታኅሣሥ ወራት ሌላም ጸጋ አላቸው። የቀይ ቀበሮ እናት ብዙውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ የምትወልድ ስለ ሆነች፣ ቡችሎቹ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ከሞላቸው በኋላ ከጉድጓዳቸው ደጃፍ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። ጉድጓዱን ያገኘ ሰው ግን ወደ እርሱ ለመቅረብ አይድፈር፤ የተረበሸች እናት ልጆችዋን በአፍዋ እየያዘች ወደ ሌላ ስፍራ ታሸጋግራለችና። እግዚአብሔር ኢዮብን ስለ ምድረ በዳው አራዊት የመውለጃ ወራት በጠየቀው ጊዜ ሰው ሊያውቀው የማይገባ ምሥጢር መሆኑን ሊያስተምረው ፈልጎ ይመስለኛል፤ እኛ ጥቂቱን ካወቅን በኋላ ቢያንስ በርቀት መነጽር መመልከትን እንመርጥ።

አሁን ስለ መንገዱ። ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ በሻሸመኔ በኩልም ሆነ በአዳማና በአሰላ በኩል ብትሄዱ መንገዶቹ ዶዶላ ላይ ይገናኛሉ፣ ከዚያ በአዳባ አልፋችሁ ዲንሾ ትደርሳላችሁ። አውሮፕላን የመረጠ ሮቤ ያርፋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ እናገራለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን ወደ ሳነቴ አትውጡ። ዲንሾ ራሱ 3,100 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ በቆላ ኖሮ በአንድ ቀን ወደ 4,000 ሜትር የሚወጣ ሰው ራሱን ይፈልጠዋል፣ ምግብ ይጸየፋል፣ እንቅልፍም ይነሣዋል፣ ነገሩ ከጸናም ለሕይወት ያሰጋል። ሰውነት ከፍታውን እስኪለምድ አንድ ወይም ሁለት ሌሊት በዲንሾ ወይም በጎባ ማደር ይገባል፤ በሳነቴ ላይ ሕመም የተሰማውም ሰው የሚያዋጣው መድኃኒት ፈጥኖ ወደ ታች መውረድ ነው።

ይህንንም የመጠበቂያ ቀን በከንቱ አታሳልፉትም፤ በዲንሾ ዙሪያ የደጋው አጋዘን፣ ኒያላ፣ ይጠብቃችኋልና። የአዲስ አበባ ሰው ኒያላን የሚያውቀው ከሲጋራ ፓኮና ከኢንሹራንስ ማስታወቂያ ነው፤ ሥዕሉንም በ10 ሳንቲም ላይ ሲገላብጠው ኖሯል፤ በሕይወት ሳለ ያየው ግን ጥቂቱ ነው። ከታላላቆቹ የአፍሪካ አጋዘኖች ለሳይንስ በመጨረሻ ከታወቁት አንዱ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ሊደከር ስም የሰጠው በ1910 እ.ኤ.አ. ነው። ወንዱ ከባድ፣ ቀንዱ ጠመዝማዛ፣ እርምጃውም የመኳንንት እርምጃ ነው። በጋይሳይ ሜዳ፣ ጭቁኝ በሚሸትበት ቁጥቋጦ መካከል፣ ከከርከሮና ከቦሆር ጋራ ተቀላቅሎ ሲግጥ ታገኙታላችሁ፤ ከጫካው ጥግ የምኒልክ ድኩላ ብቅ ቢል ደግሞ ጠቆር ባለው ቆዳው ትለዩታላችሁ።

ከጉዞ ዕቃችሁ መካከል ፈጽሞ እንዳታስገቡት የምለምናችሁ አንድ ነገር ቢኖር ውሻ ነው። ይህ ቀልድ አይደለም። በዓለም ላይ የቀሩት የጎለመሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፣ ሁሉም በኢትዮጵያ ናቸው፣ ከእነርሱም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ይኖራሉ፤ ይህችን ጥቂት ቤተ ሰብ ደጋግሞ የመታት ከውሻ የተላለፈው ደዌ፣ ይኸውም የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር ነው። በ1991ና በ1992 እ.ኤ.አ. አንድ ጊዜ፣ በ2003 ደግሞ ሌላ ጊዜ ወረርሽኝ ተነሣ፤ በኋለኛው ከወይብ ሸለቆ ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ እጅ ገደማ አለቁ። ከዚያ ወዲህ በመንደሮቹ የሚገኙትን ውሾች የመከተቡ ሥራ ጸንቷል፤ በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቆ በቀይ ቀበሮዎቹ መንገድ ላይ የማስቀመጡ ዘዴ ተጀመረ፣ እነርሱም ሥጋውን በሌሊት እየበሉ ሳያውቁት ይከተባሉ። ስለዚህ የተራረፈ ምግብ በሜዳ ላይ የሚጥል ጎብኚ፣ የመንደሩን ውሻ ወደ አምባው የሚጠራ መሆኑን ይወቅ። በሳነቴ የሚያልፈው አውራ ጎዳናም ሌላ አደጋ ነው፤ ቀይ ቀበሮዎች በመኪና ተገጭተው የሞቱበት ጊዜ ስላለ፣ ሹፌራችሁ ቀስ ብሎ እንዲነዳ አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ከመንገድ ወጥቶ በሣሩ ላይ እንዲነዳ ግን በምንም ምክንያት አትፍቀዱለት፣ የፍልፈሉ ቤት ጣሪያ ያ ነውና።

በመንገዳችሁ ከብት የሚያግዱ ሰዎች ታገኛላችሁ። አንዳንድ ጎብኚ «በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከብት ምን ይሠራል?» ብሎ ይቆጣል። የባሌ ኦሮሞ አርብቶ አደር ጎዳንቱ በሚባል ጥንታዊ ሥርዓቱ ከብቱን በየወራቱ ከቆላ ወደ ደጋ፣ ከደጋም ወደ ቆላ ሲያዘዋውርና ወደ ሆራ፣ ወደ ጨዋማው ውኃ፣ ሲያወርድ የኖረው ፓርኩ ሳይከለል በፊት ነው። ዛሬ ግጦሹ ከመጠን አልፎ ፍልፈሉ የሚበላው ሣር እየሳሳ መሄዱ እውነት ነው፤ መፍትሔውም ገና አከራካሪ ነው። ይሁን እንጂ ለአንድ ቀን የመጣ እንግዳ እረኛውን ሊገሥጽ አይገባውም፤ «አካም ነጋ» ብሎ ሰላምታ ሰጥቶት ይለፍ።

ስለ ሐረና አጭር ቃል ብቻ እናገራለሁ፤ ከሳነቴ ደቡባዊ ጠርዝ ጀምሮ መንገዱ ወደ ሪራና ወደ ዶሎ መና ሲወርድ፣ ከአምባው ሣር ወደ አስታ ደን፣ ከአስታውም ወደ ቀርቀሃና ወደ ጫካ ቡና በአጭር ሰዓት ውስጥ ታልፋላችሁ። የባሌ ጦጣ ቀርቀሃ እየበላ የሚኖረው እዚህ ነው። ያ አስቀድሞ የተጠየቀው አንበሳም በዚህ ደን ውስጥ አለ፤ ነገር ግን በዚያ ጉምና ቅጠል መካከል እርሱን ለማየት ብሎ ጉዞ የሚያቅድ ሰው ገንዘቡን እንደ ጣለ ይቁጠረው። በዛፍ ላይ የተሰቀሉትን ቀፎዎች ተመልከቱ፣ ማሩንም ቅመሱ።

መኪና የሌለው ወይም ለመከራየት የማይችል ወገን ይህን ሁሉ ሰምቶ ተስፋ አይቁረጥ፤ ለእርሱ የተለየ ምክር አለኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ሮቤ በሚሄደው አውቶቡስ ተሳፍሮ ዲንሾ ላይ ይውረድ፤ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ ይገኛልና የመግቢያውን ዋጋ በዚያ ከፍሎ ደረሰኙን ይቀበል፣ ከአካባቢው የአስጎብኚዎች ማኅበር አንድ አስጎብኚ ይያዝ። በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ባለው የጥድና የኮሶ ደን ኒያላ ሰው ስለ ለመደ በእግር እየተዘዋወሩ ከቅርብ ማየት ይቻላል። ወደ ወይብ ሸለቆ ለመዝለቅ የፈለገም በዚያው ፈረስና ባለ ፈረስ ተከራይቶ፣ ድንኳንና የሁለት ወይም የሦስት ሌሊት ስንቅ አስጭኖ፣ በዝግታ መጓዝ ነው፤ በፈረስ የሄደ ሰው በመኪና ከሄደው ይልቅ ብዙ ቀይ ቀበሮ ያያል ቢሉኝ አልክድም። የፈረሱን ኪራይ፣ የባለ ፈረሱን የቀን ዋጋ፣ ምግቡም በማን ላይ እንደሚሆን ግን ከመነሣታችሁ በፊት በግልጽ ተነጋገሩ፤ ለባለ ፈረሱም ወፍራም ብርድ ልብስ መያዙን ጠይቁ፣ ከሌለው ከእናንተ አንዱን ጨምሩለት።